ላሟ ምን በላች? ድሬና ሐረር ላይ ወተትና እርጎ ለመምረጥ

ድሬ ላይ ወተት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ዋጋው ስንት ነው? ውሃ አልገባበትም? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይዘለላል፦ ላሟ ሰሞኑን ምን እየበላች ነው?

ከቅጠሉ፣ ከአገዳው፣ ከፋጉሎው (ዘይት ከተጨመቀ ፍሬ የሚተርፈው) ወይም ከገራባው (ቃሚ የተወው የጫት ቅጠልና ግንድ) የሚመጡ ነገሮች በከፊል ወተቱ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዱ ቀለም ነው። አንዳንዱ ሽታና ጣዕም ነው። አንዳንዱ ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጅ ባይጠጣው ይሻላል። ወተቱ ሲረጋ፣ ሲናጥ፣ አይብ ሲሆን ደግሞ እነዚህ ነገሮች መንገዳቸው ይለያያል። ከፊሉ ቅቤው ላይ ይሄዳል፤ ከፊሉ አጓቱ ውስጥ ይቀራል።

በድሬዳዋና በሐረር የምናገኛቸውን ወተቶች በዚህ ዓይን ላነጻጽራቸው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ፣ አረንጓዴ መኖ ከምትበላ ላም የታለበ ወተት ፈልጎ ማግኘት፣ ለዚያም ጨመር አድርጎ መክፈል ያዋጣል።

መኖው ወተት ውስጥ እንዴት ይገባል?

ላም የበላችውን መጀመሪያ የሚቀበሉት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። እነሱ ቀድመው ይሰባብሩታል፣ ይቀይሩታል። ብዙ ጎጂ ነገር እዚያው ይከሽፋል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ውስጥ ያለው ጎሲፖል ለምሳሌ ዶሮን በቀላሉ ይጎዳል፤ የትልቅ ላም ጨጓራ ግን አብዛኛውን ይዞ ያስቀረዋል። ሌላው ደግሞ መልኩን ቀይሮ ያልፋል። የተረፈው በደም ተጉዞ ጡት ይደርሳል።

ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለገዢ ደግሞ ይህ ቁም ነገር ነው። ሽታ ፈጣን ነው። ላሟ የሽንኩርት ቅጠል ወይም ሽታው ከባድ የሆነ አረም ከበላች በሰዓታት ውስጥ ወተቷ ይሸታል። ከሻገተ መኖ የሚመጣው አፍላቶክሲን በአንድ ቀን ውስጥ ወተቱ ላይ ይታያል፤ መኖው ከተቀየረ ደግሞ በጥቂት ቀናት ይወርዳል። ቢጫው ቀለም ለመለወጥ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እንደ ዲዲቲ ያለ ስብ ውስጥ የሚከማች ፀረ ተባይ ግን ላሟ ሰውነት ውስጥ ለወራት ይቆያል። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ከወተቱ ቅባት ጋር ይወጣል።

አረንጓዴ መኖ የምትበላ ላም

ይህ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሣር፣ አልፋልፋ፣ የዝሆን ሣር፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ ከማሳ የተነቀለ ለጋ በቆሎና ማሽላ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሐረርጌ በዚህ በኩል ዕድለኛ አገር ነው። ገበሬው ማሽላውን ጠቅጠቅ አድርጎ ይዘራል። ከዚያ እያሳሳ የነቀለውን ለከብቱ ያቀርባል። ከብቱ ደጅ ታስሮ፣ መኖው በሸክም መጥቶለት ይቀለባል። የሐረር ሰንጋ ስሙ የወጣው በዚህ አቀላለብ ነው፤ የምትታለበዋም ላም ከዚያው ትቋደሳለች።

አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ቤታ ካሮቲንና ሉቲን አሉ። ላም ከበላችው ቤታ ካሮቲን ከፊሉን ወደ ቫይታሚን ኤ ትቀይራለች፤ የተረፈውን እንዳለ ወተቷ ቅባት ውስጥ ታሳልፋለች። ቅቤ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። እንገርም ያን ያህል ቢጫ የሚሆነው ካሮቲኑ ስለሚበዛ ነው። ቅጠል የምትበላ ላም ወተት በተጨማሪ የኦሜጋ 3 ቅባቱ ከፍ ይላል።

ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ወተቱን አፍሉትና ሳትነካኩት ይቀዝቅዝ። ስልባቦቱን በማንኪያ አንሱና ነጭ የሻይ ሰሃን ላይ ዘርጉት። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን እዩት። የአረንጓዴ መኖ ወተት ስልባቦት ጠርዙ ላይ፣ ቅባቱ በተሰበሰበበት፣ የገለባ ቢጫ የመሰለ ቀለም ያሳያል። የደረቅ አገዳ ወተት ግን ከሰሃኑ ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ሻጭ ካላችሁ ጎን ለጎን አድርጓቸው፤ ልዩነቱ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ዝርያም ቀለሙን ይለውጣል። የጀርሲ ዘር ያላት ላም ከጥቁርና ነጯ ፈረንጅ ላም የበለጠ ቢጫ ወተት ትሰጣለች፤ መኖው አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ። ሌላው፣ ቅቤ ላይ ቀለም የሚጨምሩ ነጋዴዎች አሉ። ስለዚህ የቅቤን ቢጫነት ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ወተቱን ራስ አፍልቶ ማየት ይሻላል።

ስለ ለጋ ማሽላ አንድ ነገር ልጨምር። ለጋ ማሽላ፣ በተለይ ዝናብ ተቋርጦበት የጠወለገ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ፣ ዱሪን የሚባል ነገር ይይዛል። ይህ ሲፈርስ ሳያናይድ ይወጣል፤ ላም ሊገድል ይችላል። ገበሬው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ላሟ በመጠኑ ከበላችው ሰውነቷ ወደ ታዮሳያኔት ይቀይረዋል፤ ይህም በከፊል ወተት ውስጥ ይገባል። ታዮሳያኔት አዮዲን ላይ ስለሚሻማ ከወተት የምናገኘው አዮዲን ይቀንሳል። የጎመንዘር ፋጉሎም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም። ለዚህ ብሎ ወተት መተው አያስፈልግም።

አገዳና ጭድ የምትበላ ላም

ከኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ በኋላ የማሽላ አገዳ በየግቢው ይከመራል። በጋውን ሙሉ መኖው እሱ ነው። ፀሐይ ካሮቲንን ያቃጥለዋል፤ አገዳ ውስጥ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ወተቱ ነጣ ይላል፣ ይቀንሳልም። ጎጂ አይደለም። ፕሮቲኑም ካልሲየሙም አለ። ፉሩሽካ ከተጨመረበት ደህና ወተት ነው። ከቅጠል የሚመጣው ነገር ብቻ ነው የጎደለው። በበጋ ወራት ይህን ወተት የሚጠጣ ቤተሰብ ፓፓያና ማንጎ፣ ጎመንና ካሮት ቢያክል ጉድለቱን ይሞላል። ድሬ ላይ ፓፓያና ማንጎ ደግሞ አይጠፋም።

ፋጉሎ

ፋጉሎ ሲባል ብዙዎቻችን ወተት የሚጨምር ነገር ብለን እናልፋለን። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ግን የምን ፋጉሎ እንደሆነና እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ ያስፈልጋል።

የተልባ ፋጉሎ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ተልባ ሊግናን በሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች የታወቀ ነው። የላም ጨጓራ እነዚህን ወደ ኢንተሮላክቶን ይቀይራል፤ እሱም ወተት ውስጥ ይገባል። ተልባ የተቀለበች ላም ወተት ኢንተሮላክቶኑ ከፍ እንደሚል ተደጋግሞ ታይቷል። ዘይቱ በደንብ ካልወጣለት ደግሞ ኦሜጋ 3ም ይጨምራል። የአኩሪ አተር ፋጉሎ አይሶፍላቮን የሚባል የዕፅዋት ውህድ አለው፤ ጨጓራ ውስጥ ከፊሉ ኢኩዎል የሚባል ነገር ይሆናል። ኢኩዎል ወተት ውስጥ በብዛት የተገኘው ግን አውሮፓ ውስጥ ቀይ ክሎቨር በሚበሉ ላሞች ላይ ነው። ቀይ ክሎቨር የኛ የደጋው ማገጥ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ኑግ ፋጉሎ። አገራችን ውስጥ በብዛት ያለው እሱ ነው፤ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ችግሩ እርጥበት ሲያገኘው መሻገቱ ነው። ሻጋታው አፍላቶክሲን ይሠራል፤ ላም ስትበላው ጉበቷ ይቀይረውና ኤም 1 የተባለው ዓይነት ሆኖ ወተት ውስጥ ይወጣል። አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ጥናት 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። በአውሮፓ ሕግ የተፈቀደውን በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ጣቱን የቀሰረው ኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ይህ የአዲስ አበባ ውጤት ነው፤ ፋጉሎው ግን በጭነት መኪና የትም ይደርሳል።

ይህን ነገር ከልቤ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ፤ ማፍላት አያጠፋውም። መርጋትም አያጠፋውም። ወተቱን አንተክትኮ ልጅን ማጠጣት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ አፍላቶክሲኑ ግን እንዳለ ይቀራል። መከላከል የሚቻለው ላሟ ዘንድ ብቻ ነው። ያልሻገተ፣ መሬት ሳይነካ በርብራብ ላይ የተቀመጠ፣ ዝናብ ያልመታው ፋጉሎ። ሻጩን ማከማቻው ድረስ ሄዶ ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። በጆንያው ላይ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ነገር ካያችሁ፣ ወይም ስትከፍቱት የምድር ቤት ሽታ ከሸተታችሁ፣ ከዚያ ቤት አትግዙ። አጥብቄ የምለው ይህን ነው።

የቢራና የጠላ አተላም መኖ ነው። ትኩስ ሆኖ ከተሰጠ ወተት ይጨምራል። በድሬ ሙቀት ግን ካደረ ይሻግታል፣ ሽታውም ወተቱ ላይ ይወጣል።

ገራባ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ የኛ ጉዳይ ነውና። ከሰዓት ላይ ጫቱ ተቅሞ ሲያበቃ የተረፈው ቅጠልና እንጨት በየደጁ ይወጣል። ከዚያ ፍየሎቹ ይደርሳሉ። ቀፊራ፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሐረርም ጁገል ዙሪያ፣ ይህን ያላየ ሰው የለም። ላም ያለውም ሰው ገራባ ሰብስቦ ወይም ገዝቶ ይሰጣል። በበጋ ሌላ አረንጓዴ ነገር ሲጠፋ እሱ ብቻ ይገኛል። አርቢውን አልወቅስም፤ ከብቱን ማቆየት አለበት። መኖነቱም ቀላል አይደለም፣ ፕሮቲን አለው።

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ‹‹ወተቱ ያመረቅናል ወይ?›› ብለው ነው። ካቲኖን የሚባለው የጫት ዋና ኃይል ቅጠሉ ትኩስ ሳለ ነው የሚበዛው። ሲጠወልግና ሲደርቅ በፍጥነት ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በጠዋት ተቆርጦ በፍጥነት የሚጓጓዘውም ለዚሁ ነው። ገራባ የሚሆነው ደግሞ ቃሚው ያልፈለገው ጠንካራ ቅጠልና ግንድ ነው፤ ያውም ከሰዓታት በኋላ። ስለዚህ ትልቅ ሰው በአንድ ብርጭቆ ወተት ሊመረቅን አይችልም።

ለሕፃን ግን ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ጫት የሚቅሙ እናቶች የጡት ወተት ውስጥ ካቲን መገኘቱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ማለትም ይህ ዓይነቱ ንጥረ ነገር ወደ ወተት የማለፍ ጠባይ አለው። ሕፃን ክብደቱ ትንሽ ነው፣ በቀን የሚጠጣው ወተት ግን ብዙ ነው። እኔ ለትንሽ ልጅ ዋና መኖዋ ገራባ የሆነች ላም ወተት አልመርጥም።

ሁለተኛውና ለእኔ የሚብሰው ጉዳይ ርጭቱ ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል። አንዳንዱ ለጫት ያልተፈቀደ ነው፤ አንዳንዱ ከተረጨ በኋላ በቂ ቀን ሳይቆይ ይቆረጣል። ጫት ላይ የዲዲቲ ቅሪት የተገኘባቸው ምርመራዎች አሉ። ቃሚው ቅጠሉን ጠርጎ ወይም አጥቦ ይቅም ይሆናል። ላም አታጥብም። ዲዲቲ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የወተት ቅባት ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ ገራባ ከምትበላ ላም ወተት ቅቤ አውጥቶ ማስቀመጥ ያን ቅሪት ይሰበስባል። አርቢው የራሱን፣ ያልተረጨ ጫት ገራባ የሚሰጥ ከሆነ ነገሩ በጣም ይቀላል።

ፈረምሲሳ

ስለዚህ አረም አጭር ቃል። ቅንጬ አረምም ይባላል። ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከገባ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በመንገድ ዳርና በግጦሽ ላይ ነጭ አበባውን አንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ላም ወዳ አትበላውም፤ ሌላ ሲጠፋ ግን ትበላለች። ወተቱ ይመራል። መራራ ወተት ካጋጠማችሁ፣ ስኳር ጨምሮ ከማለፍ ለሻጩ መንገር ይሻላል። ምሬቱ ፓርተኒን ከተባለው መርዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን ለልጅ አትስጡ።

የግመልና የፍየል ወተት

ከሽንሌና ከኤረር በኩል የሚመጣው የግመል ወተት ድሬ ላይ የራሱ ወዳጆች አሉት። ግመል ከዛፍና ከቁጥቋጦ ነው የምትበላው፤ ግራሩን፣ እሾሃማውን፣ ጨዋማውን ቅጠል። ጨዋማ ዕፅዋት በምትበላበት ወቅት ወተቷም ጨው ጨው ይላል። አረንጓዴ ብትበላም ወተቷ ነጭ ነው፤ ፍየልም እንደዚሁ። ሁለቱም ቤታ ካሮቲኑን ለቫይታሚን ኤ ስለሚጠቀሙበት ወተታቸው ውስጥ አይተርፍም። ስለዚህ የስልባቦቱ ሙከራ ለእነሱ አይሠራም፤ ነጭ ስለሆነ ደካማ ነው ማለት አይደለም።

የግመል ወተት ቫይታሚን ሲው ከላም ወተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዘላን ቤተሰብ ያለ ብዙ አትክልት የሚዘልቀው በዚህም ጭምር ነው። ለእርጎ ግን አትመኩበት። የፕሮቲኑ አሠራር የተለየ ስለሆነ ጠንክሮ አይረጋም፤ ቀጠን ያለ ዳናን፣ ማለትም የኮመጠጠ የግመል ወተት፣ ይሆናል። እሱ ራሱ የሚወደድ መጠጥ ነው። ወፍራም እርጎ ስትጠብቁ ነው የሚያሳዝናችሁ። ጥሬውን የመጠጣት ልማድ ሥር የሰደደ ነው፤ ብሩሴሎሲስ የሚባል፣ በጥሬ ወተት ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ስላለ ግን ማፍላት አለባችሁ። ሲፈላ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ብሩሴሎሲስ ይዞት ለወራት ሲሰቃይ የቆየ ሰው ያየ ግን ይህን ምርጫ ለማድረግ አይቸገርም።

የታሸገና የዱቄት ወተት

ከመሐል አገር የሚመጣው የታሸገ ወተት ከብዙ አርቢ የተሰበሰበና የተቀላቀለ ነው። የየላሟ መኖ ልዩነት እዚያ ውስጥ ይጠፋል። ቅባቱም ተቀንሶ ስለሚስተካከል ከቅባት ጋር የሚሄዱት ካሮቲኖች አብረው ይቀንሳሉ። የዱቄቱም እንደዚሁ፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት ከሆነ ግን ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ለጉዞና ለክፉ ቀን ጥሩ ነው። ከአረንጓዴ መኖ ወተት ጋር ግን አላወዳድረውም።

ወተቱ ሲረጋ የቱ ነገር የት ይሄዳል?

ወተትን ወደ እርጎ መቀየር ከመኖው የመጣውን አብዛኛውን አይነካም። ካሮቲኑ እርጎው ውስጥ አለ። ኢኩዎሉና ኢንተሮላክቶኑም አሉ፤ ሙቀትም ባክቴሪያም አያጠፋቸውም። አፍላቶክሲኑም አለ። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ወተቱ ሲናጥና ሲለያይ ነው።

ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ፣ እንዲሁም ዲዲቲን የመሰለ ፀረ ተባይ ከቅቤው ጋር ይወጣሉ። ኢኩዎልን የመሳሰሉት ብዙው ክፍላቸው ውሃው ላይ ስለሚሆን አሬራውና አጓቱ ውስጥ ይቀራሉ። አፍላቶክሲን ኤም 1 ደግሞ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ አይብ ሲሠራ ይጠነክራል፣ ቅቤ ላይ ግን ጥቂት ነው የሚገኘው። ይህን ያወቀ ሰው ውሳኔው ይቀየራል። የላሟ መኖ አረንጓዴና ንጹሕ ከሆነ ቅቤውን አትጣሉ፤ ሀብቱ እዚያ ነው። ገራባ ከሆነ ቅቤውን አታከማቹ። ፋጉሎው ካጠራጠራችሁ አይብ አትሥሩበት።

‹‹እርጎ የሆርሞን መድኃኒት ነው›› የሚል ወሬም ይሰማል፤ ምክንያቱ ኢኩዎል ነው። ኢኩዎል ኢስትሮጅን ከሚባለው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አለው፤ ይህ እውነት ነው። መጠኑን ግን ተመልከቱ። ወተት ውስጥ የሚለካው በማይክሮግራም ነው። አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ውስጥ ያለው አይሶፍላቮን 20 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእርጎ ማረጥን ወይም የአጥንት መሳሳትን አክማለሁ የሚል ሰው ካለ አትመኑት። ወንዶች ልጆችንም አይጎዳም። እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፣ ጥሩነቱ በዚህ በኩል ግን አይደለም።

አንድ የዕፅዋት ነገር ደግሞ በላሟ ሳይሆን በዕቃው በኩል ይገባል። በወይራ የታጠነ ቅል ወይም ገምቦ። ጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች መጥፎ ባክቴሪያን ያዳክማሉ፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይቆመጥጥም ያደርጋሉ። የድሬ ሙቀት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የታጠነ ዕቃ ውስጥ የረጋ እርጎ መዓዛው ከሌላው ይለያል፤ እኔ ከማንኛውም እርጎ እሱን አስቀድማለሁ። ከታጠነ በኋላ ከሰሉንና ጥላሸቱን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መወልወል ያስፈልጋል፤ ጥላሸት ለጤና አይበጅም። በሃይላንድ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ወተት ግን ተቃራኒው ነው። ብርሃን ካሮቲኑንም፣ ራይቦፍላቪን የሚባለውን ቫይታሚንም ይበላዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ሻጯ ሃይላንዱን በጨርቅ ሸፍና ጥላ ላይ ካስቀመጠች ጥሩ ምልክት ነው።

እንዴት ይጠየቃል?

‹‹ገራባ ይበላሉ?›› ብላችሁ ከጠየቃችሁ ማንም አዎ አይልም። ‹‹አዴ፣ ላሞቹ ትናንት ማታ ምን በሉ? ሣሩስ ዘንድሮ እንዴት ነው?›› ብሎ መጀመር ይሻላል። ስለ ከብቷ ማውራት የማትወድ ወተት ሻጭ የለችም። ዝናቡን፣ የሣሩን ዋጋ፣ ፋጉሎ መወደዱን ትነግራችኋለች። ከዚያ ውስጥ የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ። ከብዙ ቤት ሰብስባ የምትሸጥ ነጋዴ ከሆነች መልሱ አይኖራትም። ለልጅ ወተት ከአንድ ቤት፣ በቋሚነት መግዛት የምመክረው ለዚህ ነው።

ለማን የቱ ይሻላል?

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እናት ጡት ትስጥ፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ አያስፈልገውም። ከዓመት በላይ ለሆነው፣ አረንጓዴ መኖ የምትበላ ላም፣ ከአንድ ቤት፣ በደንብ የፈላ። እርጎም ከዚያው ወተት።

ቅቤ አንጥሮ ለማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው የክረምቱን ዝናብ ይጠብቅ። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው ቅቤ ከበጋው ጋር አይገናኝም። በልግ ደህና ከዘነበ ሚያዝያና ግንቦትም ጥሩ ነው። ከቡና ቅጠል ለሚፈላው ቁጢና ለሻይ ወተት የአገዳውም ይበቃል፤ ለዚያ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለትልቅ ሰው ቁርስ፣ ከፉል ጎን የምትቀርበው እርጎ፣ የመረጣችሁት ይሁን፣ ፋጉሎው ያልሻገተ እስከሆነ ድረስ።

ሐረር የሚኖር ሰው ከድሬው የተሻለ ዕድል አለው። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ሐረማያና አካባቢው ቅርብ ነው፣ አረንጓዴውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ደንገጎን ወርዶ ድሬ የሚደርሰው ወተት በጠዋት የታለበ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሰዓት ላይ የሚመጣው መንገድ ላይ መቆምጠጥ ይጀምራል።

ራሳችሁ ላም ካላችሁ

ሳቢያንም ሆነ ሐረር ዳር ላይ አንድ ሁለት ላም የያዛችሁ ሰዎች፣ ከሁላችንም በላይ ወተቱ በእጃችሁ ነው። በአጥር ዳር የዝሆን ሣር ትከሉ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሳሙናው ከባድ ካልሆነ ለእሱ ይበቃዋል። የስኳር ድንች ሐረግ ከገበሬ ግዙ፤ ርካሽ ነው፣ ካሮቲኑ ብዙ ነው። ሽታው ከባድ የሆነ መኖ፣ አተላም ሆነ የሽንኩርት ቅጠል፣ ከአለባ በኋላ ስጡ፤ ከአለባ በፊት ባሉት አራት አምስት ሰዓታት ውስጥ አትስጡ። ፋጉሎ በአንድ ጊዜ ብዙ አትግዙ፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ብቻ። ጆንያውን ከግድግዳ አርቁት፣ ከመሬትም በእንጨት ከፍ አድርጉት። የሻገተውን ደግሞ ለዶሮም ለበግም አትስጡ፤ ቅበሩት።